ከፎቅ የተደወለው ስልክ

በድርቁ ዓመታት አዋሳ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። እርዳታ ይዘው የሚመጡት ፈረንጆች እኛ ዘንድ ስለሚያርፉ፣ ፊታቸውን ሳላይ አገራቸውን በድምፃቸው መለየት ለመድኩ። አሜሪካኖቹ «ር»ን ጠቅልለው ያወጧታል፣ እንግሊዞቹ ይውጧታል። አሜሪካዊ ስሜን ጠይቆ ይቀልዳል፤ እንግሊዝ ውሃ ሲቋረጥበት እንኳ እሱው ይቅርታ ይጠይቀኛል። አንድ አውስትራሊያዊ ደግሞ ዛሬ ለማለት «ቱዳይ እሄዳለሁ» ሲለኝ ሊሞት የሚሄድ መስሎኝ ደንግጫለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከፎቅ ተደወለ።

«ሙቅ ውሃ ይኖራል?» አለች አንዲት ሴት።

እጄ የመስመር ማገናኛውን ገመድ እንደያዘ ቀረ። ድምፁ ስምንተኛ ክፍል ያስተማሩኝ የስኮትላንዷ ሚሲዮናዊት ድምፅ ነበር። እኚያ መምህር በወባ ሞተው እዚሁ አዋሳ ሲቀበሩ ቆሜ አይቻለሁ።

«ማታ ይኖራል» አልኩ እንደምንም።

ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ «እ» አለች፣ ልክ እኛ እሺ ለማለት እንደምናደርገው። መምህሬም እንዲሁ ይሉ ነበር። ከእኛ የለመዱት ይመስለኝ ነበር፤ ይቺ ግን ትናንት የገባች እንግዳ ናት።

ፎቅ ወጥቼ በሯን አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ ቀይ ፀጉር ያላት ወጣት ነርስ ነበረች። ነገሩን ነገርኳት።

«መምህርሽ ከየት ነበሩ?»

«ከሰሜን በኩል፣ ከደሴት ነኝ ይሉን ነበር።»

«እኔም የዚያ አገር ሰው ነኝ። እኛ ዘንድ ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። ለንደን ስማር ግን ያመመኝ እየመሰላቸው ይደነግጡ ነበር።»

መቃብሩን አሳዪኝ አለችኝና እሁድ ወሰድኳት። ተንበርክካ፣ ቃላቱ ሳይለዩልኝ፣ በቀስታ ማውራት ጀመረች። ከኋላዋ ሆኜ ስሰማ፣ መምህሬ በገዛ መቃብራቸው ላይ የሚጸልዩ መሰለኝ። ዓይኔን ስጨፍን ባሰብኝ። በዚህ መሃል ስሜን ጠራችኝ። ጠበቅ ብሎ የሚነገረውን ፊደል አላልታ፣ ልክ እንደ መምህሬ። ስሜን ነግሬያት አላውቅም። ሆቴል ውስጥ ሰምታ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሰኞ የቀበሌው የጥበቃ ኃላፊ አስጠራኝ።

«ከፈረንጇ ጋር መቃብር ቦታ ምን አወራችሁ?»

«ስለ ሞቱት መምህሬ ነው፣ ጓድ።»

«በምን ቋንቋ?»

«በእንግሊዝኛ።»

«እዚያ የተከተላችሁ የኛ ሰው እንግሊዝኛ ያውቃል። የሴትዮዋ ቋንቋ እንግሊዝኛ አይደለም፣ ድምፁም የሁለት ሴቶች ነው ብሎኛል።»

እኔ እዚያ አንድም ቃል አልተናገርኩም ነበር። ይህንን ግን አልነገርኩትም። አስጠንቅቆ ለቀቀኝ። ነርሷ በሳምንቱ ወደ መጠለያ ጣቢያ ሄደች፣ ሆቴላችን ተመልሳ አላረፈችም። ከዚያ ክፍል ሲደወል ግን ለብዙ ጊዜ ባልደረባዬ እንድታነሳልኝ እለምናት ነበር።