የፊት ለፊቱ ክፍል ፕሪንተር

ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራት «ዋና» እያለ ነው። ሙሉ ስሙ «ዋና ጸሐፊ» ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ስትጽፍ፣ ስትመዘግብና ማኅተም ስትመታ ኖራ ጡረታ ስትወጣ ሹመቱ ቢሮ ቀረ፣ ቅጽል ስሙ ግን አብሯት ቤት ገባ። ባል አላገባችም። ለምን ብሎ የሚጠይቃት ሲመጣ «ጊዜ የት ነበረኝ? ደብዳቤ ነበረብኝ» ትላለች። ጠያቂው ትቀልድ ይሁን የምሯን ሳይለይለት ይሄዳል።

ወላጆቿ ቤቱን ለእሷና ለታናሽ ወንድሟ እኩል ነው ያወረሷቸው። ወንድሟ ከሚስቱ ጋር ከኋላ ያሉትን ክፍሎች ይዟል፤ እሷ ደግሞ መንገድ ዳር ያለችውን የፊት ለፊት ክፍል። ትንሽ ክፍል ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የብረት ፋይል ሳጥን ገብቶባት ከዚያ በኋላ መዞሪያ የላትም። ግን መስኮት አላት። ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ አቤቱታ ያለበት፣ የልጁን የሥራ ቅጽ የሚያስሞላ ጎረቤት በመስኮቱ ያንኳኳል፤ ዋና መነጽሯን ታደርግና «እሺ፣ ጉዳዩ ምንድነው?» ትላለች። ያቺን ጥያቄ በጠየቀች ቁጥር ጡረታ መውጣቷን ትረሳዋለች።

ፕሪንተሩም እዚያው ነው። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ዕቃ በጨረታ ሲሸጥ ተጫርታ ያሸነፈችው ነው። አንድ ሰው ብቻውን አያነሣውም፤ ሁለት ሆነው ያነሡትም ወገባቸውን ይዘው ነው የሚያስቀምጡት። ገመድ አልባ የሚባል ነገር አያውቅም። ከጀርባው አንድ የዩኤስቢ ገመድ ወጥቶ ኮምፒውተሯ ላይ ይሰካል፣ በቃ። ፊደሉ ግን ሲወጣ ጥርት ብሎ ነው፤ እሷም ከዚያ በላይ ከማንም ምንም አትጠብቅም።

ችግሩ ፍላሽ ነበር። የወንድሟ ሚስት መምህር ናት፤ ፈተና ታትማለች። ወንድሟ ኢንሹራንስ ውስጥ ይሠራል፤ የማያልቅ ቅጽ ያትማል። ሁለቱም ፍላሻቸውን አንጠልጥለው፣ ዋና ባለጉዳይ እያነጋገረች ሳለ፣ በጓሮ በኩል ይገባሉ። ፍላሹ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። ከየትምህርት ቤቱና ከየቢሮው የለቃቀመውን ቫይረስ ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን የአንዲት ባልቴት አቤቱታ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ የተለፋበት፣ ዓይኗ እያየ ድራሹ ጠፋ። ባልቴቷን ይቅርታ ጠይቃ እንደገና ጻፈችላት። ከዚያ ተነሥታ በሯ ላይ «ፍላሽ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጠፈች።

የዚያን ዕለት ራት ላይ ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እቴቴ፣ ይሄን ብረት እንጣለውና ገመድ የሌለው አዲስ እንግዛ። ሳሎን ይቀመጥ። አንቺም ታርፊያለሽ።»

ማረፍ የሚለው ቃል በዚያ ቤት የሚነገረው ለሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ለሞተ ሰውና ለእሷ። ዋና ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ከክፍሌ ሳይነቃነቅ ከየክፍላችሁ እንድታትሙበት አደርጋለሁ።»

«በዚህ ዕድሜሽ ኔትወርክ ልትዘረጊ?» ብሎ ሳቀ።

«ዕድሜዬን ማን ጠየቀህ? ራትህን ብላ።»

መምህሯ ሳቋን በውሃ ብርጭቆ ሸፈነች።

ዋና በማግስቱ ሥራ ጀመረች። ሳሎን መደርደሪያ ላይ ለቤቱ ኢንተርኔት የሚያከፋፍለው ራውተር አለ፤ ገልብጣ ስታየው ከጀርባው የዩኤስቢ ቀዳዳ አገኘች። ፕሪንተሩን ከመምህሯ ጋር ተሸክመው ሳሎን ድረስ አመጡትና ሰኩት። ራውተሩ እንደማያውቀው እንግዳ ዝም አለው። እንዲህ ያለ ዝምታ ግን ለዋና አዲስ አይደለም፤ ስንት ኃላፊ እንደዚያ ዝም ብሏት ያውቃል። ፕሪንተሩን ነቅላ በምትኩ ደብዳቤዎቿን የምታስቀምጥበትን ሃርድ ዲስክ ሰካችበት። እሱን ወዲያው ተቀበለው፤ በሦስቱም ኮምፒውተሮች ላይ ብቅ አለ። «መዝገብ ቤት» ብላ ሰየመችውና ለእያንዳንዱ ሰው ፎልደር ከፈተችበት፦ ለፈተና፣ ለኢንሹራንስ፣ ለቤተሰብ ፎቶ፣ ለገቢና ወጪ ደብዳቤ።

ፕሪንተሩ ወደ ክፍሏ ተመለሰ። ራውተሩ ካልወደደው ኮምፒውተሯ ራሱ ያስተዋውቀው ብላ፣ የኮምፒውተሩን ማስተካከያ እየከፈተች አንድ በአንድ ታይ ጀመር። የነካችውን ሁሉ እንደ መሥሪያ ቤት መመሪያ ቁጥር እየሰጠች ደብተር ላይ አሰፈረችው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ «ይህን ፕሪንተር አጋራ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገች፣ ስሙን «ዋና» አለችው፣ መምህሯንም ከመኝታ ቤቷ አንድ ገጽ እንድትልክ አዘዘቻት። ፕሪንተሩ አጉረመረመ፣ ተንቀጠቀጠ፣ አንድ ገጽ የሒሳብ ፈተና ተፋ። መምህሯ ጫማዋን ሳታደርግ በኮሪደሩ እየሮጠች መጣች።

«እትዬ! ወጣ እንዴ?»

«አምስተኛው ጥያቄ መልስ የለውም» አለች ዋና ወረቀቱን እያነበበች። ደስታዋን መደበቅ ስትፈልግ እንዲህ ነው የሚያደርጋት።

አንድ ነገር ግን ለማንም አልነገረችም፤ መነገር ያለበት ነገር መስሎም አልታያት። በየቀኑ ልክ አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ኮምፒውተሯን ታጠፋለች፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ከግድግዳው ትዘጋለች፣ ፕሪንተሩን ራሷ በሰፋችው ጨርቅ ትሸፍናለች። ከክፍሏ ስትወጣም እንዲሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ያደረገችው ነው። የእሷ ኮምፒውተር ከጠፋ ፕሪንተሩ ለቤቱ ሁሉ እንደሌለ ይቆጠራል፤ የተላከለት ወረቀትም ላኪው ኮምፒውተር ውስጥ ተሰልፎ እስክትመለስ ይጠብቃል። ያለ ሥራ ሰዓት ማተም የሚያምረው ሰው ይኖራል ብላ ማን ያስባል?

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ከሰዓት የታመመች የቀድሞ የሥራ ባልደረባዋን ልትጠይቅ ወጣች፤ እንደ ልማዷ ሁሉን አጥፍታ፣ ሸፍና። ማታ ራት ላይ ወንድሟ ድል ያደረገ ሰው ፊት ይዞ ተቀመጠ።

«ዕቃሽ ሞቷል፣ እቴቴ። ዘጠኝ ጊዜ ልኬ አንድ አላወጣም።»

«ለእኔ ጠዋት ሠርቶልኛል እኮ» አለች መምህሯ።

ዋና ነገሩ ወዲያው ገባት። አጥፍቼው ነው ልትል አፏን ስትከፍት አንድ ሐሳብ መጣላትና «ምን ነበር የላክኸው?» አለችው።

«ምንም። የቢሮ ወረቀት።» የጨው ዕቃውን አየ። «ለማንኛውም አዲሱን ሳሎን እናደርገዋለን። ያኔ የፊቱ ክፍልም…» ብሎ ቆመ።

«የፊቱ ክፍል ምን?»

«ምንም። እንዲያው።»

ሰው የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ሲውጥ ዋና ታውቃለች፤ ሰው ሲናገር እየሰማች ስትጽፍ የኖረች ጸሐፊ ናት። ራቷን ጨረሰች።

ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ጨርቁን ገልጣ ኮምፒውተሯን አበራች። ከኋላ ባሉት ክፍሎች ወንድሟ ዜና ሊያነብ ላፕቶፑን ከፍቷል። ፕሪንተሩ እንደ ማሳል አለ። አንድ ገጽ አወጣ። ሁለት። ሦስት። እያጉረመረመ ዘጠኝ ሞላ፣ ከዚያ ጸጥ።

ዋና ዓይኗ የተጻፈ ወረቀት ላይ አርፎ ሳታነበው የማለፍ ችሎታ የላትም። የላይኛውን አነሣች። ከመንገዱ ማዶ ላለችው ባለ መድኃኒት ቤት የተጻፈ ነው። ጉዳዩ፦ የፊት ለፊት ክፍል ስለማከራየት። «በአሁኑ ጊዜ በእህቴ የተያዘው ክፍል ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ነፃ የሚሆን ሲሆን፣ እህቴም በዕድሜና በጤና ምክንያት በጓሮ ወደሚገኘው ዕቃ ቤት ለመዛወር በፈቃዷ የተስማማች በመሆኑ…» ይላል። ከታች ሁለት የፊርማ መስመር አለ። አንዱ የእሱ። በሌላው ሥር «የተስማማች እህት» የሚል ተጽፏል።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። በንዴት ነው። ዕቃ ቤቱ መስኮት የለውም፤ እዚያ ገብታ ማን ያንኳኳላታል? ከንዴቱ ሥር ግን የባሰ ነገር ነበር። ይህ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ የምዝገባ ቅጹን የሞላችው እሷ ናት። የሥራ ማመልከቻውን የጻፈችው እሷ ናት። የሠርጉን ጥሪ፣ የእናታቸውን የሐዘን ምስጋና፣ ኢንሹራንሱ ዕድገት ሲከለክለው ያስገባውን ቅሬታ፣ ሁሉንም። በዕድሜው ሙሉ ሳያስጽፋት የጻፈው ደብዳቤ ይሄ አንዱ ብቻ ነው። ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ትንሽ አለቀሰች፣ መነጽሯን ጠረገች፣ የገቢ መዝገቡን ከፈተች።

ቁጥር ሰጠችው። ቀን ጻፈች። ላኪ፦ ወንድሜ። ብዛት፦ ዘጠኝ ቅጂ። ከዚያ መልሱን መጻፍ ጀመረች፤ ጣቶቿ የሚያውቁት ሥራ ነው።

«ለወንድሜ፣ እዚሁ። ጉዳዩ፦ አለመስማማቴን ስለማሳወቅ። ከላይ በተጠቀሰው ቁጥር የተላከልኝ ደብዳቤ ደርሶኝ ተመልክቼዋለሁ። አንደኛ፣ አልተስማማሁም። ሁለተኛ፣ ጤናዬ ደህና ነው፤ ዕድሜዬም አንተን አይመለከትም። ሦስተኛ፣ ዕቃ ቤት የሚቀመጠው ዕቃ ነው፤ እኔ ሰው ነኝ፣ ግማሹም ቤት የእኔ ነው። ከሰላምታ ጋር። ግልባጭ፦ ለባለ መድኃኒት ቤቷ፣ ለመምህሯ፣ ለፍሪጁ በር፣ ለመዝገብ ቤት።»

ወረቀት ማባከን አትወድም። ዘጠኙን ገልብጣ ፕሪንተሩ ውስጥ ከተተቻቸውና መልሷን በጀርባቸው አተመች። ዘጠኙ ላይ ሁሉ ፈረመች። አንዱን ፍሪጁ ላይ፣ አንዱን የመታጠቢያ ቤት መስታወት ላይ ለጠፈች፤ አንዱን የመምህሯ ቦርሳ ላይ አኖረች። አንዱን ይዛ መንገዱን ተሻገረች።

ባለ መድኃኒት ቤቷ ሁለቱንም ገጽ አነበበች። «እኔ እኮ ደስ ብሏቸው ነው የሚወጡት ተብዬ ነው፣ እማማ።»

«ደስ ብሎኝ እንደሆነ እስቲ ፊቴን እዪው» አለች ዋና። «እዚህ ጋ ደርሶኛል ብለሽ ፈርሚልኝ።»

ሴትዮዋ ፈረመች። ክፍሉንም እንደማትፈልገው ሳትጠየቅ ነገረቻት።

ስትመለስ ወንድሟ የፍሪጁን ወረቀት ይዞ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። መምህሯ ከኋላው የራሷን ታነባለች።

«ይሄ ምንድነው፣ እቴቴ?»

«ደብዳቤ ነው። ቁጥር አለው።»

«የሰው የግል ወረቀት እንዴት ታነቢያለሽ?»

«ዘጠኝ ጊዜ ልከህልኝ? አንዱ ቢያመልጠኝ ስምንቱ ነበሩ እኮ።»

«እኔ ለአንቺ ብዬ ነው። እንድታርፊ!»

«ማረፍ ካማረህ አንተ ዕረፍ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ዕቃ ቤቱ?» አለች መምህሯ ቀና ብላ። «አየር እንኳ አይገባውም እኮ! ለእኔ ደግሞ እሳቸው ናቸው የጠየቁት ነው ያልኸኝ።»

ወንድሟ ሚስቱን አየ፣ እህቱን አየ፣ ሌላ የሚያየው አጣ። ወረቀቱን ለሁለት ቀደደው።

«ቅደደው» አለች ዋና። «መዝገብ ቤት ውስጥ አለ። ከየትኛውም ክፍል ይከፈታል።»

ሮጦ ወደ ላፕቶፑ ሄደ። ከፈተው፣ አገኘው፣ ሊያጠፋው ሞከረ። ማንበብ ብቻ እንጂ ማጥፋት እንደማይችል ኮምፒውተሩ ነገረው። «ማንበብ ብቻ» የሚለው ሳጥን ላይ ዋና መንገዱን ከመሻገሯ በፊት ነው ምልክት ያደረገችው፤ እሱም በደብተሯ ላይ ቁጥር አለው።

መስኮቱ ተንኳኳ። አንድ ሾፌር የመንጃ ፈቃዱ ጠፍቶበት ማመልከቻ ሊያስጽፍ መጥቷል። ዋና መነጽሯን አደረገች። ድምፅዋ ትንሽ ቢሻክርም ጥያቄዋ የታወቀው ነው፤ ጉዳዩ ምንድነው አለችው።

አሥራ አንድ ተኩል ሆነ። ተነሥታ እጇን ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ሰደደች፣ ግን አልነካችውም። የፕሪንተሩን መሸፈኛ ጨርቅ አነሣች፣ አራት አጥፋ የብረት ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው፣ ቆለፈችበት። ከዚያ በሯን ወለል አድርጋ ከፍታ ኮሪደሩን ዘልቆ ኋላ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

«ከዛሬ ጀምሮ አይጠፋም! በዚህ ቤት ስለ እኔ የሚጻፍ ነገር ካለ በእኔ እጅ ይውጣ!»