ምች የለብኝም

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለመፈረም ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገርም አልችልበትም። ገበያ ስንወጣ እንኳ ዋጋ የምትጠይቅልኝ እናቴ ናት። ወረቀት ግን ዐይን ዐይኔን አያየኝም። ስለዚህ ልጽፈው ነው፤ ያልጣመው ይተወው።

የምንኖረው ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ነው። እናትና ልጅ ብቻ ነን፤ ያለችን አንዲት የጤፍ ማሳ ናት። ለአረም የሁለታችን እጅ ስለማይበቃ ከሌሎች ቤቶች ሴቶች ጋር ወንፈል ገብተናል። ዛሬ ሁላችንም ያንቺን እናርማለን፣ ነገ አንቺም ከሁላችን ጋር መጥተሽ የእኔን ታርሚያለሽ፤ ወንፈል ይኸው ነው። ሕጉም አጭር ነው። የታመመች ትታለፋለች፣ ተራዋም አይነካም። የሰነፈች ትወጣለች። የወጣችን ሴት ማሳ አረም ይውጠዋል፤ እሷም ዓመቱን ሙሉ ስሟ ሲነሣ ይከርማል።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል እኔ መነሣት አቃተኝ። የሞተብኝ ሰው የለም። የከዳኝም የለም። ሰው ሁሉ ምክንያት ይፈልግልኛል፤ እኔ ራሴም ፈልጌ አጣሁት። ሐዘን ቢሆን ባለቀስኩ፣ እንባም አልነበረም። ጠዋት ከመንገዱ ሚኒባሶች መንገደኛ ሲጠሩ እሰማለሁ፣ ዐይኔ ተገልጧል፣ እግሬ ግን የሌላ ሰው እግር ይመስል አይታዘዘኝም። ፊቴን መታጠብ ተራራ ሆነብኝ። ውሃው አጠገቤ እያለ ጠምቶኝ እተኛለሁ።

የወንፈሉ ሴቶች ለምን ቀረች ብለው ሲጠይቁ እናቴ ደነገጠች። ተራችን ገና አልደረሰም። ስለዚህ፣ ምች ነው የመታት፣ አለቻቸው።

እነሱም አመኗት። ምች ለመታው ሰው የሚደረገውን ደግሞ የማያውቅ የለም። ከየጓሯቸው ዳማከሴ ቀጥፈው መጡ። ቅጠሉን አሽተው ጭማቂውን ግንባሬ ላይ ቀቡኝ፣ በቡና አድርገው አጠጡኝ። ፀሐይ እንዳያገኛት፣ የወጥ ሽታም እንዳይደርስባት ብለው በሩን ዘጉ፤ መስኮቷንም በጨርቅ ወተፏት። በራሷ ውሸት እናቴ ሽንኩርት መጥበስ ተከለከለች። ወጥ ሲያምራት ጎረቤት እየሄደች ትበላ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

እኔ ግን በዚያ ጨለማ ውስጥ ባሰብኝ። ቀኑ ከሌሊቱ አይለይም። አንድ ቀን እናቴን ልውጣ ብላት እሺ አላለችም። ተራችን እስኪያልፍ ታገሺ፣ ማሳዋ ከታረመች በኋላ ትድኛለሽ፣ አለችኝ። መዳኔም በተራ ሆነ።

ተራችን ደረሰ። መስከረም ጠብቷል፣ ፀሐዩም ወጥቷል። ሴቶቹ ከቤታችን ጀርባ ማሳው ላይ ሲንጫጩ ይሰማኛል። ከመካከላቸው አንዷ እኩያዬ ናት፤ አረብ አገር ሠርታ የተመለሰች፣ ምላሷ የማያርፍ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ይኼ ምች እኛን የሚመታን መቼ ነው፣ እኛም እኮ መተኛት አምሮናል፣ ስትል ሰማኋት። ሁሉም ሳቁ። እናቴም አብራ ሳቀች፤ የእሷ ሳቅ ግን ደረቅ ነበር።

እነሱ የእኔን ጤፍ ያርማሉ፣ እኔ የሌለብኝን በሽታ ታቅፌ ተኝቻለሁ። ውሸቱ ከወጣ ሰነፍ እባላለሁ፤ ካልወጣ ደግሞ ከዚህ ቤት አልወጣም። ሁለቱንም ጠላኋቸው። የመሥራት ፍላጎት መጥቶልኝ አይደለም የተነሣሁት። አልመጣም። እንቢ ብዬ ነው የተነሣሁት። ሻርፔን ለማሰር ብቻ ስንቴ እንዳረፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

በሩን ስከፍት ፀሐዩ ዐይኔን ወጋኝ። ማሳው ዳር ስደርስ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እናቴ የያዘችውን አረም ጣለችው።

«ወላሂ፣ ፀሐይ የሚሞቅ ምች ዛሬ አየሁ» አለች እኩያዬ።

«ምች የለብኝም» አልኳት። ድምፄ ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም፤ ስለዚህ ደገምኩት። «ምች የለብኝም፤ ኖሮብኝም አያውቅም።»

ወንፈሉን የሚመሩት አሮጊት ቀና አሉ። እናቴ ልትናገር ስትል በእጃቸው ዝም አሰኟት።

«ታዲያ ምንሽን ነው የሚያምሽ?»

«ይኼ ነው የምለው ቦታ የለም፣ እትዬ። መነሣት እንቢ አለኝ። ምንም ነገር አያሰኘኝም።»

«እሱማ እኛንም በየጠዋቱ ይይዘናል» አለች እኩያዬ። «ስሙ ስንፍና ነው።»

እኔ ለሰው መልስ መልሼ አላውቅም። ያን ቀን ግን መለስኩ።

«ሰነፍ ደስ ብሎት ይተኛል። እኔ አንድም ቀን ደስ ብሎኝ አልተኛሁም።»

ማንም አልሳቀም። አሮጊቷ ጠጋ ብለው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ቁጢጥ አልኩ። ማሳውን በሙሉ ባየው ኖሮ ተመልሼ እተኛ ነበር፤ ስለዚህ ሻርፔ ቢዘረጋ የሚሸፍነውን ያህል ብቻ አየሁ። እሷን አርሜ ስጨርስ ሌላ የሻርፕ ያህል። ሣሩና ጤፉ ገና ለጋ ሳሉ ይመሳሰላሉ፤ እጄም ረስቶታል።

«ጤፉን ነቅለሽ ሣሩን ተውሽው እኮ» አለችኝ እኩያዬ። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፤ ሌሎቹ አልሰሟትም። ጠጋ ብላም ሣሩን ራሷ ነቀለችው።

ድሮ ፍላጎቱ ሲመጣ እሠራለሁ ብዬ እጠብቅ ነበር። ያን ቀን እስከ ማታ ጠበቅኩት፣ አልመጣም። እጄ ግን ያለ እሱ ሠራ። ዛሬም አንዳንድ ጊዜ ያ መነሣት እንቢ የሚለኝ ነገር ይመለስብኛል፤ እኔም ሳልፈልግ እሠራለሁ። እሱ ይፈር እንጂ እኔ አላፍርም።

ሲመሽ ሴቶቹ እጃቸውን እያራገፉ ተነሡ። የእናቴ ዐይን አሮጊቷ ላይ ነበር፤ እኔም የምጠብቀው የእሳቸውን ቃል ነው። አሮጊቷ መጀመሪያ እናቴን ገሠጿት፤ ዳማከሴያችንን በከንቱ አስጨረስሽን፣ አሏት። ቀጥለው የቀረሁባቸውን ቀኖች ሠርቼ እንድመልስ፣ ከወንፈሉም እንዳልወጣ ፈረዱ። የነገው ተራ የእኩያዬ ነበር። እሷም ከፈረዱ አይቀር ትምጣ ብላ ትከሻዋን ሰበቀች።

አሮጊቷ መሄድ ሲጀምሩ ተከተልኳቸው። ቃል ገብቼ እንዳላፈርስ ፈራሁ፤ ነገ ጠዋት ያው እግር፣ ያው አልጋ እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። እሺ ብዬ ብቀርስ? ስለዚህ እውነቱን ነገርኳቸው።

«እትዬ፣ ነገም እንዲህ ብሆንስ? ባይሻለኝስ?»

ዞር ብለው አዩኝ።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «ካልተሻለሽ፣ ሳይሻልሽ ነይ።»