የሲስተር ለተብርሃን ራዲዮ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሞጣ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ራሴን አሞኝ አንድ መድኃኒት ቤት ጎራ ብል፣ ወለሉ ገና በዲቶል ተወልውሎ ኖሮ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ የምገዛውን ረስቼ ባንኮኒውን ተደግፌ ቀረሁ። ልጅነቴን ያሳለፍኩት ቢቸና ነው፤ ጎረቤታችን ሲስተር ለተብርሃን ዲቶል ዲቶል የምትሸት ሴት ነበረች።

አስመራ ተወልዳ በሥራ ምደባ ቢቸና የመጣች ነርስ ናት። እኛ ግቢ ተከራይታ ስትኖር የሰፈሩን ሕፃን ግማሹን አዋልዳ፣ ግማሹን መርፌ ወግታ ያሳደገች ስለሆነች እንፈራታለን፤ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ለመጫወቻ ስለምትሰጠን ግን ከደጇ አንጠፋም። እማዬ ዶሮ የሠራች ዕለት የመጀመሪያው ሳህን የሚሄደው ለእሷ ነበር።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር፣ ራዲዮው ከራሱ በላይ ምስማር ላይ የተሰቀለበት የሥራ በረንዳው ለሰው አልበቃ አለ። ሱሪ የማያሳጥረው ሁሉ “ዜና ደረሰ?” እያለ ይመጣል፤ ዜናው አሥር ደቂቃ ነው፣ ትርጓሜው ግማሽ ቀን። ቅኔ የለመደ አገር ስለሆነ፣ ራዲዮው ሰሙን ብቻ ቢናገር ወርቁን እነሱ ያወጡለታል። መጀመሪያ “ሲስተር ምን አደረገች? እሷ የኛው ናት” ይሉ ነበር። አንድ የሰፈር ልጅ መቁሰሉ ሲሰማ “እሷስ የኛው ናት፤ ወንድሞቿ ግን…” ማለት መጣ። የሌላው መርዶ ሲደርስ ደግሞ ሰላምታዋን የሚመልስ ጠፋ። ማን እንደወሰነው እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ተሰብስቦ የመከረ ሰው አላየሁም።

የኔ ድርሻ ግን ይታወቀኛል። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የአባቴን ምሳ አድርሼ ስቆም “ሲስተር’ኮ በትግርኛ ራዲዮ ታዳምጣለች” አልኩ፤ ግድግዳ ስለምንጋራ ሰምቻለሁ። ያን ያህል ትልቅ ሰው ባንድ ጊዜ ዞሮ አይቶኝ አያውቅም፤ ጣመኝና “ረጅም ሽቦ አለው፤ መልስ ትልክላቸዋለች” ብዬ ጨመርኩ። ይሄኛው ውሸት ነው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ለጓደኛዋ “ነርሷ መነጋገሪያ ራዲዮ አላት አሉ፤ ሕፃናቱን የምትወጋውም ክትባት አይደለም” ስትል ሰማሁ። ወሬዬ ከኔ ቀድሞ አድጎ፣ ወልዶ ከብዶ ጠበቀኝ።

እናቶች ልጆቻቸውን ማስከተብ ተዉ። ታናሽ ወንድሜ በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ አባቴ “እሷ ዘንድ አትወስጂውም” ቢል፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቀው እማዬ “አንተ ራዲዮህን ስማ፤ እኔ ልጄን ልስማ!” አለችና አዝላው ወጣች። ሲስተር ሦስት ቀን ካጠገቡ ሳትለይ አዳነችው። አባቴ አፍሮ በረንዳው ላይ ይህንኑ ሲናገር፣ “ያዳነውስ እግዜር ነው” አሉት።

ሰው የማይመጣባት ነርስ ምን ትሠራለች? ዕቃዋን ሸከፈች። ሻንጣዋን ስትዘጋ በሩ ላይ ቆሜ “ሲስተር፣ መልስ ትልክላቸዋለች ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ” አልኳት። ቀስ ብላ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች።

“ማዳመጤስ እውነት ነው” አለች። “እናቴ ያለችበት ሰፈር ተመታ ይሉ ይሆን እያልኩ ነው። በይ ሂጂ፣ ለእኔ ያልሽውን ለአባትሽም ንገሪው።”

ነገርኩት። በማግስቱ እጄን ይዞ በረንዳው ላይ አቆመኝና ደግሜ ተናገርኩ። ሰዎቹ ሳቁ። “ልጅ ምን ታውቃለች? ሲስተር ናታ እንዲህ በይ ያለቻት!” ውሸቴን ባንድ ቀን ያመኑ ሰዎች እውነቴን ማመን አቃታቸው።

ሲስተር በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደች፤ ወሬዋንም አልሰማን። ብዙም ሳይቆይ ኩፍኝ ገባና፣ ከክትባት ከቀሩት አንዱ፣ የጎረቤታችን የእትዬ ጥሩዬ ሕፃን ሞተ። ለቅሶው ላይ “ሲስተር ብትኖር ኖሮ” ሲሉ የሰማኋቸው እነዚያው ሰዎች ናቸው። እኔ ጥግ ተቀምጬ፣ እትዬ ጥሩዬን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ያ ሕፃን በሕይወት ቢኖር ዛሬ የልጆች አባት ይሆን ነበር።