ሰንበሌጥ የጎዘጎዝኩ ዕለት

የጥቅምት ሚካኤል ማኅበር ተረኞች እኛ ነበርን። ባለቤቴ ጠላውን ጠምቃ፣ ዳቦውን ደፍታ ለእኔ አንድ ሥራ ብቻ ተወችልኝ፤ ከወንዝ ዳር ለጉዝጓዝ የሚሆን ለስላሳ ሣር ማጨድ። ስንፍና አይጣል ነው፤ እስከ ወንዝ ማን ይወርዳል ብዬ ከከተማችን ከወገዳ መውጫ፣ ከመንገዱ ዳር የቆመውን ሰንበሌጥ አጭጄ መጣሁ። ፍሬው ደርቋል። ጫፉ እንደ መርፌ ሹል ነው፣ ረጅም ጭራም አለው፤ እርጥበት ሲያገኝ ጭራው እየተጠማዘዘ መርፌውን ወደ ውስጥ ይሰደዋል። ማወቅስ አውቃለሁ። የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስተምረዋለሁ።

ማኅበርተኛው ገባ፣ ጸሎት ተደረሰ፣ ጽዋው ዞረ። ቤቱን ጎዝጉዤ ደጅ የከመርኩት ትርፍ ሣር ላይ ሲንከባለል ያረፈደው ውሻችን ታዲያ በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ያርገፈግፍ፣ እየዞረ ይወድቅ፣ ያላዝን ጀመር። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ የተማርኩት እኔ ነኛ። ጉሮሮዬን ጠራርጌ አብዷል አልኩ። ምላሴን በቆረጠው! ያበደ ውሻ በእኛ አገር ቀልድ የለውም፤ ሁለት ጎረቤቶች ወዲያው ዱላ አነሱ።

የአምስት ዓመት ልጄ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እንዳይነክሳት ብዬ አስለቀቅኋት። እቅፌ ውስጥ ሆና ስታለቅስ፣ ዓይኗ ከላይ የተቀመጡት የነፍስ አባታችን ላይ አረፈ። እሳቸው ለካ ከጋቢያቸው ሥር እግራቸውን ሲያክኩ፣ ሲያራግፉ፣ ብድግ ቁጭ ሲሉ ቆይተዋል።

«አባም እንደሱ እየተንፈራገጡ ነው፤ እሳቸውንም ትገድሏቸዋላችሁ?» አለች።

አባ ሱሪያቸውን ሰበሰቡና ከባታቸው ላይ አንድ የሰንበሌጥ ፍሬ ነቀሉ። ፍሬውን አዩት፣ ጉዝጓዙን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር ያንጠለጠሏትን ወረንጦ ፈትተው ወደ ውሻው ሄዱ፤ ጆሮውን ገልበጥ አድርገው ያንኑ የመሰለ መርፌ መዘዙለት። ውሻው አንዴ አነጠሰና ቀጥ ብሎ ወደ ዳቦው አመራ።

ባለዱላዎቹ ግን አሁንም ዱላቸውን እንደያዙ ናቸው። አባ ፍሬውን መዳፌ ላይ አኑረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እህ መምህር፣ ያበደው ማነው?» አሉኝ።

አፈርኩ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ማኅበርተኛው ከካልሲው መርፌ ሲለቅም አመሸ፣ ባለቤቴም ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። እሷስ በኋላ ታረቀችኝ። ልጄ ግን እስከ ዛሬ ማጭድ ባነሳሁ ቁጥር የውሻውን ሁለት ጆሮዎች በእጆቿ ትሸፍናለች።