ያለ ስክሪን የተከፈተው ላፕቶፕ

ይህ ያጋጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ከገደብ ከተማ ወደ ዲላ ስመለስ ነው። ብዙ ጊዜ ባይሆነውም ኮምፒውተር በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ልጽፈው ወሰንኩ።

ዲላ ውስጥ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። በዚያን ጊዜ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን እየጨረስኩ ነበር። ከፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሽ ባመጣሁ ቁጥር ላፕቶፔ ቫይረስ ይገባበታል። ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረው ታናሽ ወንድሜ ከዊንዶውሱ ጎን ቫይረስ ብዙም የማይደፍረው ሊኑክስ የሚባል ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት ጫነልኝና «ሁለቱንም ሞክሪያቸው፤ የወደድሽውን ትይዣለሽ» አለኝ። ላፕቶፑ ሲበራ ዝም ካልኩት በሊኑክስ ይከፈታል።

መምረጥ ግን አቃተኝ። ዊንዶውሱን እጄ ለምዶታል፤ ሊኑክሱ ፈጣን ነው። ላገኘሁት ሰው ሁሉ «አንተ የቱን ትወዳለህ?» ማለት ልማድ ሆነብኝ። የትምህርት ቤታችን መምህራን እንደ ኳስ ደጋፊ ይከራከሩበታል እንጂ የሚቆርጥልኝ አላገኘሁም።

ገደብ የሄድኩት ለጽሑፉ የቀሩኝን ቡና አምራች ገበሬዎች ለማነጋገር ነበር። ጽሑፉን እዚያው ጨረስኩት። ኔትወርክ ስላልነበረ ግን መላክ አልቻልኩም። በምመለስበት ቀን ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ለአማካሪዬ ካልደረሰ ከዓመቱ ተመራቂዎች እቀራለሁ።

አውቶቡሱ ውስጥ ቦርሳዬን ከመቀመጫ ሥር አስገባሁ። አጠገቤ ጥቁር መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ተቀምጦ ላፕቶፕ ይነካካል። ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ እሱ ግን ይጽፋል። ጥቂት አየሁትና አላስችለኝ አለ።

«ወንድሜ፣ ስክሪንህ ጠፍቷል» አልኩት።

ከጆሮው ማዳመጫውን አወጣና ሳቀ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ለማላየው ነገር ባትሪ ለምን ይለቅ?»

ዓይነ ስውር መሆኑ ያኔ ገባኝና በሀፍረት መግቢያ አጣሁ። እሱ ግን ቅር አላለውም። ታሪኩ እንደሚባልና ገደብ ላይ ሥነ ዜጋ እንደሚያስተምር ነገረኝ። አንዱን ማዳመጫ ሰጠኝና ኮምፒውተሩ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሲያነብለት ሰማሁ። ከፍጥነቱ የተነሳ አንድ ቃል አልያዝኩም። አማርኛው ደግሞ የውጭ አገር ሰው የሚያነበው ይመስላል።

ያንኑ የተለመደ ጥያቄዬን ጠየቅሁት፤ ከዊንዶውስና ከሊኑክስ የትኛውን ትወዳለህ?

«እኔ በመልክ አልመርጥም» አለኝ። «አዲስ ኮምፒውተር ሲሰጡኝ መጀመሪያ የማየው ሰው ሳልጠራ ብቻዬን መግባት መቻሌን ነው። ሁለቱም ዘንድ አቋራጭ ቁልፍ አለ። ስትጫኚው ያናግርሻል። ቤቴ ያለው ሊኑክስ ነው፤ ትምህርት ቤት ዊንዶውስ።»

እስከ ዲላ ስጠይቀው መጣሁ። የይለፍ ቃል እንዴት ትጽፋለህ? ስትሳሳት እንዴት ታውቃለህ? አንዱንም ሳይሰለች መለሰልኝ።

መናኸሪያ ስንወርድ ቦርሳዬ ላይ የሰው የድንች ጆንያ ተጭኖበት አገኘሁት። አጠገባችን ያለ ሻይ ቤት ገባሁና ላፕቶፑን አበራሁ። መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው። የማውቀው የኮምፒውተር ጠጋኝ ስልክ አያነሳም። ጽሑፉ ሌላ ቦታ የለኝም። ይህንኑ ለሻይ ቀጂዋ ስነግራት የሰማው ታሪኩ ባጃጅ መፈለጉን ትቶ መጣ።

«የውስጡ ማራገቢያ ይሰማል?» አለኝ።

«ይሰማል።»

«እንግዲያው ኮምፒውተሩ ራሱ ደህና ነው፤ የተሰበረው ስክሪኑ ነው። ሲበራ የትኛው ነው የሚመጣው?»

«ሊኑክሱ።»

እስኪከፈት ጠበቀና ሦስት ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫነ። ላፕቶፔ ተናገረ። ከገዛሁት ጀምሮ እስከዚያ ቀን ድረስ መናገር እንደሚችል አላውቅም ነበር። የይለፍ ቃሌን እኔ ጻፍኩ፤ ቀሪውን እሱ ያዘ። ድምፁ የፋይሎቼን ስም ይጠራል፦ «ፋይናል»፣ «ፋይናል ኒው»፣ «ፋይናል ላስት»፣ «ላስት ፋይናል»።

«የትኛው ነው እውነተኛው ፋይናል?» አለኝ።

ሻይ ቀጂዋ ሳትቀር ሳቀች። እኔም እንባዬን እየጠረግሁ ሳቅኩ። በመጨረሻ «ላስት ፋይናል»ን ፍላሽ ላይ አደረገልኝ። ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት በሩጫ ሄጄ ላክሁት፤ በሰዓቱ ደረሰ።

ከመሄዴ በፊት ውለታውን በምን እንደምመልስ ጠይቄው ነበር። «ጽሑፍሽን ላኪልኝ» አለኝ፤ «ግን ፎቶ አንስተሽ አይደለም። ሰው ሁሉ ፎቶ ይልክልኛል፤ ኮምፒውተሬ ደግሞ ፎቶ አያነብልኝም።»

እንዳለኝ ላክሁለት። በሳምንቱ ደወለልኝ። ስለ ቡና ገበሬዎቹ የጻፍኩትን ወዶታል። «አንድ ነገር ብቻ አለ» አለኝ። «ካርታሽ ጋ ሲደርስ ‹ሥዕል› ብሎ ያልፈዋል። ካርታው ላይ ምን አለ?»

ይህን ሁሉ ዓመት ካርታ ሳስተምር ጣቴን ከመጠቆም በቀር ካርታን በቃል ተናግሬ አላውቅም። በስልኩ ካርታውን በቃል እየነገርኩት ከዲላ ጀምሬ በመንገዱ ወደ ደቡብ ወረድኩ፤ ይርጋ ጨፌን አልፌ ወደ ኮቸሬ ታጠፍኩ፤ ሬኮ ቀበሌ ስደርስ አስቆመኝ።

«ቆይ፣ ሬኮ ከመንገዱ በግራ ነው በቀኝ?»

ዛሬ ሊኑክሱን ነው የምጠቀመው። ምክንያቴን ለሚጠይቁኝ ሰዎች ስክሪኑ በጨለመበት ቀን እንዳናገረኝ ስነግራቸው መልስ አይመስላቸውም። እኔን ግን ይበልጥ የያዘኝ ሌላ ነው። ከታሪኩ ጋር አሁንም እንደዋወላለን፤ በስልክ ካርታ እነግረዋለሁ። በየጊዜው አንድ ያላሰብኩትን ነገር ይጠይቀኛል፤ እኔም ስልኩን ዘግቼ ካርታውን እንደገና አየዋለሁ።