ከበሩ ኋላ ያተምኩት መዳፌ

እኔማ መርካቶ ሸማ ተራ ጋቢ ስሸጥ ነው ያረጀሁት። ልጅ ሳለሁ ግን ወሎ ውስጥ በገዛ እጄ ጭቃ አቡክቼ የሠራሁት ቤት ነበረኝ። ዘንድሮ፣ ፈርሶ ይሆን ወይ ብዬ ላየው ሄድኩ። ቆሟል! ግድግዳው ግን ተሰንጥቋል። የምትኖርበትን ሴት፣ «ይሄን እኮ እኔ ነኝ የሠራሁት፤ በይ ጭድና ውሃ አምጪ» አልኳት። ምንም ሳትል አመጣችልኝ። ስመርግ ዋልኩ። ስጨርስ፣ ያኔ ከበሩ ኋላ እርጥቡ ጭቃ ላይ ያተምኩትን መዳፌን ብፈልግ የለም።

«የታለ መዳፌ?»

«እማማ፣ የእርስዎ ቤት እኮ ያ ማዶ ያለው ነው። ደህና ቆሟል፤ መዳፉም አለ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ምርጊቱ እስኪያልቅ ብዬ ነዋ!»