ከፎን የወጣ ሃሪኬን

ነቀምቴ ላይ ሆኖ ስለ ሃሪኬን ማስተማር ቀላል አይደለም። ባሕር ያየ ተማሪ የለኝም፤ እኔም ብሆን አላየሁም። «ቲቸር፣ ባሕር ሳይኖረን ይሄ አውሎ ነፋስ ምን ያደርግልናል?» ሲሉኝ ተናደድኩ። እልህ ይዞኝ ከሰፈሬ ፀጉር ቤት የፀጉር ማድረቂያ ፎን ተውሼ መጣሁና፣ «ከካርቶን አንድ አንድ ቤት ሠርታችሁ አምጡ፤ ነፋሱን እኔ አመጣለሁ» አልኳቸው።

ጉድ እኮ ነው! የጎበዞቹ ቤት ሁሉ ጣሪያው በረረ። ነፋስ ጣሪያን ወደ ጎን መግፋት ሲገባው ለምን ወደ ላይ እንደሚያነሳው በጥያቄ አጣደፉኝ። እንዲህ ሲጠይቁኝ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር።

አንዲት ዝምተኛ ልጅ ግን ሁለት ቤት ይዛ መጣች። ቤተሰቧ የሚኖርበትን ቤት ጣሪያ ባለፈው ክረምት ነፋስ ወስዶት አጎቷ ጋር ተጠግተው ነው የሚኖሩት። አባቷ ቅዳሜ አዲስ ቆርቆሮ ሊመቱ ነው። የአንደኛውን የካርቶን ቤት ጣሪያ ከቋሚዎቹ ጋር በሽቦ ጠፍራዋለች፤ የሁለተኛው ግን ከላይ በእስፒል ብቻ ተወግቷል።

«አንድ አይደል ያልኩት? ሁለተኛው ለምንድን ነው?» አልኳት።

አንገቷን ደፍታ፣ «ቲቸር፣ እባክዎ ወላጅ አምጪ ይበሉኝ» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ዘመን ሳስተምር ወላጅ ይጠራብኝ ብሎ የለመነኝ ተማሪ አልገጠመኝም። ምን አስባ ይሆን ብዬ ጠራኋቸው።

አባቷ በማግስቱ ደንግጠው መጡ። «ባርሲስቱ፣ ምን አጠፋች?» አሉኝ፣ በኦሮምኛ መምህርት ማለታቸው ነው። ምንም እንዳላጠፋች ነግሬ አስቀመጥኳቸውና ፎኑን ከፈትኩ። በሽቦ የታሰረው ጣሪያ ንቅንቅ አላለም። ወደ ሁለተኛው ሳዞር እጄን ያዙኝ። እስፒሎቹን በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው፣ «እኔ ቆርቆሮ የምመታው እንዲህ ነው» አሉ። ከዚያ ለቀቁኝ። ጣሪያው ተነስቶ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ወደቀ።

ራሳቸው አንስተው መልሰው ወጉትና፣ «ይድገሙት» አሉኝ። አሁንም በረረ።

«ዓመቱን ሙሉ እግዜርን ሳማርር ከረምኩ» አሉ። ወደ ልጃቸው ዞረው በኦሮምኛ፣ «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» ብለው ጠየቋት።

«ብነግርህ ትሰማኝ ነበር?»

እኔ ደነገጥኩ፤ ይቆጧታል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣ «እውነትሽን ነው፤ አልሰማሽም ነበር» አሉና ሽቦው እንዴት እንደሚታሰር እንድታሳያቸው አጠገቧ ቁጭ አሉ።